ከቅጥር ውጭ ድንኳን የለም

ለሽሮ ብዬ ለቅሜ፣ ፀሐይ አስመትቼ በፌስታል ያስቀመጥኩት ሽምብራ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ባቄላዬም ምስሬም አብሮት አለ። ከሥር ትልቅ ካርቶን ተዘርግቷል፤ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ክብ ግንብ ተስሏል፣ በመሃሉ አንድ ጎተራ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን። በር ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

«ጸደንያ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ከተማ ነው እቴቴ። እንዳትነኪው!»

ጸደንያ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ናዝሬት ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ጎፋ ያለው ይሄ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የናቷ ነበር፤ አሁን የሷ ነው። አንደኛው ክፍል ውስጥ እኔ እተኛለሁ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። ልጄ ከበበው ለቡ ቤት ሠርቷል። ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለችው፤ «እማዬ እዚያ ትሁን» ማለት ከጀመረ ከፋሲካ ወዲህ ነው። አራተኛ ፎቅ ይከብዳታል ይላል። ይከብደኛል፣ አልዋሽም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ እግዚኦ የምልበት ቀን አለ። ለቡ ግን ማንም አያውቀኝም። እዚህ የብሎካችን እድር አለኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩም ጸሐፊው እኔ ነኝ። ለቡ ሄጄ ብሞት ማን ድንኳን ይተክልልኛል? በኔ ዕድሜ አዲስ እድር ማን ይቀበለኛል? ከበበውን ያስቆመው የጸደንያ አንድ ቃል ነው። «እቴቴ የምትኖረው ከኔ ጋር ነው» ብላዋለች። ያ ቃል የተለወጠ ዕለት አበቃልኝ፤ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም።

ሕዝቅኤል የሚባል የሥራ ባልደረባ አላት። ሁለቱ ጌም ይሠራሉ፤ የጥንት ከተሞች ጌም። ከተማ ትሠራለህ፣ ጠላት መጥቶ ይከብሃል፣ ከበባው እስኪያልፍ ሰውህን አኑረህ ከቆየህ አሸነፍክ። ኮምፒውተር ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት ሕጉን በካርቶን ነው የሚሞክሩት። እህሌ ያለቀው ለዚህ ነው።

«ባቄላው ሠራተኛ ነው» አለኝ ሕዝቅኤል፣ ጣቱን እየቀሰረ። «ግንብ ይጠግናል፣ ይጠብቃል። ምስሩ ሕፃናት ናቸው።»

«ሽምብራውስ?»

«እነሱ ሼባዎቹ ናቸው ማዘር።»

«ሽማግሌ ለምን ሽምብራ ሆነ?»

«አያዩትም? ተጨማዷል።»

ጸደንያ በክርኗ ጎሸመችው፤ ስትስቅ ግን አይቻታለሁ።

«ባቄላ በሳምንት አንድ ቁና እህል ይበላል» ብላ ቀጠለች፣ እኔ የገባኝ እንደሆነ ዓይኔን እያየች። «ምስር ግማሽ ቁና። ሽምብራም አንድ።»

«ሽምብራው ምን ይሠራል?»

«ይበላል» አለ ሕዝቅኤል።

ጎተራው እያለቀ ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አሳየኝ። በሩን ከፈተ፣ ሽምብራዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየገፋ ከግንቡ አወጣቸውና በሩን ዘጋ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«የትም። ጠላት አያሳልፋቸውም፣ ከተማው መልሶ አያስገባቸውም። መሃል ላይ ይቀራሉ። የፈጠርነው እንዳይመስልዎት ማዘር፣ በሌላ አገር ታሪክ በእውነት ተደርጓል።»

ሽምብራዎቹን አፍሼ አነሳኋቸው። ሁለቱ አምልጠውኝ ወለል ላይ ወደቁ። «ይሄ ግፍ ነው! ሰው ቤቱ ውስጥ ያለን አዛውንት እንዴት ያወጣል? ሕጉን ለውጡት።»

«በምን እንለውጠው?» አለች ጸደንያ። አልተቆጣችም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

«አዛውንት እኮ ያስታርቃል። ምጥ የያዛትን ያዋልዳል። ጉድጓዱ ሲደርቅ የድሮው ውሃ የት እንደነበር ያውቃል።»

ሕዝቅኤል ራሱን ነቀነቀ። «ደስ ይላል ማዘር፤ ግን ተጫዋች የሚያየው ቁጥር ነው። ቁጥር ያለው ነገር ይስጡኝ።»

ያን ቃል ይዤ ዋልኩ። ቁጥር! ሰውን በቁጥር ተምን ማለት ምን ማለት ነው? ግን ደግሞ ሌላ ነገርም እያሰብኩ ነበር፤ ለልጆቹ ሥራ ብጠቅማቸው፣ ያለኔ የማይሆን ነገር ቢኖራቸው፣ ከበበው የፈለገውን ቢል ጸደንያ አትለቀኝም ብዬ።

በማግስቱ ከታችኛው ብሎክ ለቅሶ ነበረ። ድንኳኑ ሥር ደብተሬን ዘርግቼ ስም ስጠራ ሐሳቡ መጣልኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ባለሱቁ ሱቁን ዘግቷል፣ ብረት በያጁ ሥራውን አቁሞ መጥቷል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ሳይቀሩ አስፈቅደው ተቀምጠዋል። አንዲት የሰባ ዓመት ሴት ሞታ ሰፈሩ ሦስት ቀን ተቀምጧል። ጉልበቴን ረስቼ አራቱን ፎቅ ወጣሁት።

«ቁጥር አገኘሁላችሁ!» አልኩ፣ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ። «ሰው ከተማው ውስጥ ሲሞት ድንኳን ይተከላል። ባቄላ የተባለ ሁሉ ሦስት ቀን ሥራ አይገባም። ግንብ የለ፣ ጥበቃ የለ። ለአንድ ሽምብራ ሦስት ቀን! እስቲ በረሃብ ይጨርሷቸውና ይታያል። ሳይወዱ በግድ ያበሏቸዋል።»

ሕዝቅኤል አፏጨ። «ማዘር! ይሄ እኮ ሕግ ነው!»

ጸደንያ ተነስታ ግንባሬን ሳመችኝ። «እቴቴ የድርጅታችን አባል ሆናለች» አለች። እኔም ሞኟ ያኔውኑ ከበበው ጋ ደወልኩ። «ከጸደንያ ጋር ሥራ ጀምሬአለሁና የለቡን ነገር እንዳታነሳብኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ አልኩ።

አራት ቀን በሰላም አደርኩ። በአምስተኛው ቀን ከጎፋ ገበያ ስመለስ ሁለቱ ካርቶኑ ላይ አጎንብሰው ሲንጫጩ ደረስኩ። ሕዝቅኤል ተደስቷል፤ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶታል።

«ማዘር፣ የርስዎ ሕግ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ?»

«አበሏቸው?»

«ኧረ! ስምንት ጊዜ ተጫወትነው። ሽማግሌው ውስጥ ከሞተ ሦስት ቀን ያስከፍላል፣ አይደል? ስለዚህ ሳይሞት ማስወጣት ነው! ድሮ ጎተራው ሲያልቅ ነበር የምናስወጣቸው፤ አሁን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ጎተራው ሙሉ እያለ ነው የምናወጣቸው። ውጭ ለሞተ ድንኳን የለማ።»

የያዝኩትን ዘንቢል አስቀመጥኩ። «ለውጭውም ይሁንላቸዋ! ውጭ ለሞተም ይለቀስ፣ ሦስት ቀን ይቀመጡለት።»

ሕዝቅኤል ጸደንያን አያት። ጸደንያ እስክሪብቶዋን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሰበች። የማትዋሽ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያሳደግኳት።

«እቴቴ፣ እንደ እውነቱ ንገሪኝ። በናንተ እድር ከሰፈር ወጥቶ ሌላ ቦታ ለሞተ ድንኳን ይተከላል?»

እትዬ ገላኔ ትዝ አሉኝ። ሁለተኛ ፎቅ ነበሩ፤ ልጃቸው መካኒሳ ወስዳቸው ስምንት ወር ሳይቆዩ ሞቱ። ልጅቱ ጥቁር ለብሳ ደጄ ላይ መጥታ፣ «እናቴ ‘የጎፋ ሰዎች ይቅበሩኝ’ ብላለች፣ ድንኳኑን ብቻ ስጡኝ» ብላ ለመነችኝ። ደብተሩን ገልጬ የተሰረዘውን ስም አሳየኋት። ግቢ እንኳ አላልኳትም፤ እዚያው በር ላይ ነው ያሳየኋት። ከሰፈር የወጣ ይሰረዛል ነው ደንቡ። ደንቡን ደግሞ በንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩት እኔው ነኝ።

«እቴቴ?»

«አይተከልም» አልኩ። «ከተሰረዘ ተሰረዘ።»

«በቃ፣ እንደዚያው ነው» አለች ጸደንያ፤ ጻፈችው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሙፊዳ የምትባል ሴት መጣች። ጌም የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እሷ ከወደደችው ሥራው ይቀጥላል፣ ካልወደደችው የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ። ያኔ ጌሙ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አልቋል። ጸደንያ ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም፤ ዓይኗ ደም መስሏል። አጥሚት ሠርቼ ባቀርብላት በእጇ ገፋችው።

ሙፊዳ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ደህና ነዎት ወይ አለችኝ፣ ተቀመጠች። «ሁለታችሁ ስትጫወቱት ማየት አልፈልግም» አለች። «የራሳችሁን ጌም ሁሉም ሰው ይችላል። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።» ዞራ አየችኝ። «እማማ፣ እርስዎ ይሞክሩልኛል?»

«እኔ? ኧረ ዓይኔም አያይ፣ የኔ ልጅ!»

«እሱማ ጥሩ ነው። እርስዎ እስከ መጨረሻው ከተጫወቱት ማንም ይጫወተዋል።»

ጸደንያ ከጀርባዬ ወንበሬን ይዛለች። ፊቷን አላየሁም፤ ጣቶቿ ወንበሩን ሲጨምቁት ግን ይሰማኛል። ማውሱን ያዝኩ።

ሰዎቹ አሁን እህል አይደሉም፤ ሰው ሆነዋል። ሠራተኞቹ ቁምጣ ለብሰዋል፣ ሕፃናቱ ይሯሯጣሉ፣ አሥራ ሁለቱ አዛውንት ጋቢ ደርበው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። አንዲቷ አሮጊት አንድ እርምጃ ሄዳ ግድግዳ ትይዛለች፣ አንድ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች።

«ይቺ ምነው እንዲህ ሆነች?» አልኩ።

«አካሄዷን ካንቺ ነው የወሰድኩት» አለች ጸደንያ በጆሮዬ። «ደረጃ ስትወጪ በስልክ ቀርጬሽ።»

ላሳያቸው ቆርጬ ነበር፤ ማንንም ሳላስወጣ፣ ሁሉንም አብልቼ ከተማዬን እንደማድን። ከመጀመሪያው ሳምንት የሁሉንም ቀለብ በግማሽ ቀነስኩ፣ እኩል። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ሄደ። በአራተኛው ሁለት አዛውንት ሞቱ። ድንኳን ተተከለ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተቀመጠ፣ ስድስት ቀን ግንቡን የነካው የለም። ጠላት ጥጉን ናደው። ሙፊዳ ሰዓቷን አየች። ጸደንያ ከኋላዬ ወንበሬን ይበልጥ ጨመቀችው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሕፃን ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ይሄ ልጅ ለምን ተቀመጠ?»

«ርቦት ነው ማዘር» አለ ሕዝቅኤል።

ሁለተኛው ተቀመጠ። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ጠጉሯ ቁጥር ቁጥር ያለ። አንገቷን ደፋች። ናዝሬት የሞተች ሰሞን ጸደንያ ልክ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው፤ መተላለፊያው ላይ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ብይ ብላት የማትበላ። ልጅ ሲርበው ማየት አልችልም። ስዕል ነው ቢሉኝም አልችልም።

«በሩ በየት ነው የሚከፈተው?» አልኩ።

ራሴው አገኘሁት።

አሥሩ ተሰለፉ። ቀስ ብለው ወጡ፤ ያቺ ግድግዳ የምትይዘው መጨረሻ ነበረች፣ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ዞራ አየች። «ሂጂ እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው። ወጣች። ዘጋሁት። ቀለቡን ለሕፃናቱ ጨመርኩ፣ ሦስቱም ከጉድጓዱ ተነስተው መሮጥ ጀመሩ። ደስ አለኝ። ልደብቀው አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከግንቡ ውጭ ጋቢዎቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ሲቀሩ እያየሁ እንኳ ዓይኔ ሕፃናቱ ላይ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ጠላት ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። አሸነፍኩ።

ሙፊዳ ክንዷን እያሻሸች ነበር። «ወላሂ ሰውነቴን ወረረኝ» አለች። «እማማ፣ ሲያስወጧቸው ምን ተሰማዎት?»

«ልጆቹ ዳኑ» አልኩ።

ወደ ጸደንያ ዞረች። «ይቺን አባባል ለማስታወቂያው ጻፊልኝ። ጌሙን ወስጄዋለሁ።»

ጸደንያ ጮኸች፣ ሕዝቅኤልን አቀፈችው፣ ከዚያ እኔን። ጉንጬ በእንባዋ ራሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለሷ ደስ ብሎኝ። በቃ አሁን ማንም አይነካኝም ብዬም ነበር።

በሳምንቱ ሐሙስ ነው የነገረችኝ። ሕዝቅኤል አጠገቧ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ሻይ አቅርባልኝ አታውቅም፣ እዚያው ላይ ደነገጥኩ።

«እቴቴ፣ ሦስት ሰው ልንቀጥር ነው። ሳሎኑ ለአምስት ሰው አይበቃም።»

«እና?»

«ጠረጴዛ የሚገባበት ክፍል ያስፈልገናል።»

«ክፍል የለንምኮ፣ ያንቺና የኔ ብቻ…» ብዬ አቆምኩ።

ሻዩን አየችው። «ከአጎቴ ጋር ተነጋግረናል። ለቡ አየሩ ጥሩ ነው። ደረጃ የለም፣ ጉልበትሽም ያርፋል። በየሳምንቱ እመጣለሁ፤ ታክሲው እኮ ቅርብ ነው።»

«ጸዱዬ፣ ሳሎን እተኛለሁ። እናንተ ስትሠሩ ወጥ ቤት እቀመጣለሁ፣ ድምፄን አትሰሙትም።»

«እቴቴ፣ እንዲህ አትበይ።»

«የድንኳኑን ሕግ የሰጠኋችሁ እኔ አይደለሁም? ያለኔ ይሆንላችሁ ነበር?»

ሕዝቅኤል ነገሩን ያቀለለ መስሎት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ነው። «ማዘር፣ በሩንም የከፈቱት እርስዎ ነዎት እኮ!» አለ።

ጸደንያ ፈነዳች፤ አፏን በእጇ ብትይዘውም ሳቁ በጣቶቿ መሃል አመለጣት። «ይቅርታ፣ ይቅርታ እቴቴ» እያለች ሳቀች። ልታቆመው ስትሞክር ባሰባት። እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«እሑድ መኪና ይመጣል።»

ዓርብ ደብተሩን ለሦስተኛ ፎቋ ዚነት አስረከብኳት። ከማስረከቤ በፊት ስሜን ፈልጌ አገኘሁት፣ ማስመሪያ አምጥቼ ሰረዝኩት። ዚነት «ለምን ይቸኩላሉ እትዬ አፀደ፣ ይቆይ እንጂ» አለችኝ። ቢቆይም መሰረዙ ላይቀር፣ እሷ ላይ ሸክም አልሆንም አልኳት። እሑድ ፍራሼ፣ ሳጥኔና አንድ ወንበሬ ወረደ። አራቱን ፎቅ ጸደንያ ደግፋኝ ወረድኩ፤ በየፎቁ «ቀስ፣ ቀስ» ትለኝ ነበር።

የለቡዋ ክፍል ከግቢው ጀርባ ናት። መስኮቷ መስታወት ስላልገባለት ፕላስቲክ ተወጥሮበታል፤ ነፋስ ሲመጣ ይጮኻል። ከበበውና ሚስቱ ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ግራ ቀኙ ገና ያላለቀ ሕንፃ ነው፤ ሠራተኞቹ ሲያልፉ ሰላም እላቸዋለሁ፣ አንዳንዱ ይመልሳል። ጸደንያ በመጀመሪያው ሳምንት መጣች። በሁለተኛው ሥራ በዛባት። በሦስተኛውም በአራተኛውም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወለች። ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ ለማንሳት ስቸኩል ሁለት ጊዜ አመለጠኝ።

«እቴቴ! ደህና ነሽ? ስሚኝ፣ ሙፊዳ እየጠበቀችኝ ስለሆነ አንድ ነገር ቶሎ ልጠይቅሽ። አንድ ሕግ ጎሎናል። ጠላት ሄደ እንበል። ውጭ ከተጣሉት ሽማግሌዎች በሕይወት የቆዩ ካሉ፣ በሩ ተከፍቶላቸው ይመለሳሉ? ሕዝቅኤል ይመለሱ ይላል። እኔ ግን እቴቴ ትወስን አልኩ።»

ይመለሱ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ሰዎቹን በዓይነ ኅሊናዬ አየኋቸው፤ አምስት ሳምንት ውጭ የከረሙ፣ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው የሞቱ፣ ከግንቡ ውስጥ የሕፃናት ሳቅ ሲሰሙ የቆዩ። እነዚህ ቢገቡ ምን ይዘው ነው የሚገቡት? እኔ ውስጤ ያለውን አውቀዋለሁ። ሌሊት ፕላስቲኩ ሲጮኽ ለዚያች ልጅ የምመኝላትን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ተነስቼ ንስሐ የምገባበትን። ልጄ ናት፣ እንዲህ ያለ ሰው እንዲጠጋት አልፈልግም።

«አይከፈትም» አልኩ።

«ለምን?»

«ቂም ይዘው ነው የሚመለሱት። ደግሞ አርጅተውበታልና ግንቡ የቱ ጋ እንደሳሳ ያውቃሉ። እንዳትከፍችላቸው።»

ስትጽፍ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ተንጣጡ።

«እቴቴ፣ አንደኛ ነሽ! እደውልልሻለሁ፣ እሺ?»

ስልኩ ተዘጋ። ቁርስ ትብላ አትብላ ሳልጠይቃት ቀረሁ።